ቤቱ እንዳይዘጋ
ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ሳይለያዩ ስለ ማሳደግ

አባትና እናት በሞቱ ጊዜ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸው የሚለው ጥያቄ በየትኛውም ኅብረተሰብ የሚነሣ ነው። ከዚህ ጥያቄ ጋራ ተያይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የሚታለፍ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከአንድ ማሕፀን የወጡት ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ጊዜ አንድ ላይ ያድጋሉ ወይስ ለየዘመዱ ይከፋፈላሉ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ለይቶ መመልከት ነው። በአገራችን ያለው ልማድ ለአንድ ልጅ ቤት ለማግኘት ብዙና የተፈተነ መንገድ አለው። ለወንድማማቾችና ለእኅትማማቾች ሁሉ በአንድነት ቤት ለማግኘት ግን ያለው መንገድ ጥቂት ነው፤ ያለውም መንገድ በልጆቹ ዝውውር ላይ ሳይሆን በወላጆቹ ቤት መጠበቅ ላይ የቆመ ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ፣ ቀጥሎም ስለ ልማዱ፣ በመጨረሻም ስለ ሕጉና ስለ ዛሬው ሁኔታ እንናገራለን።

ስለ ቃላቱ

በግእዝ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ እጓለ ማውታ ይባላል። በአማርኛ የሙት ልጅ፣ ወላጅ አልባ፣ በጥንቱ አነጋገር ደግሞ ደሀ አደግ ይባላል፤ በእስልምና ተከታዮች ዘንድ የቲም የሚለው የዐረብኛ ቃል የተለመደ ነው። እነዚህ ቃላት ሁሉ ልጁን የሚሰይሙት ባጣው ነገር፣ ማለትም በወላጁ ነው። ያልሞተበትን፣ አብሮት የቀረውን ወንድሙን ወይም እኅቱን የሚያስታውስ በውስጣቸው አንድም የለም።

የማሳደግ ቃላት ግን በጣም የበለጸጉ ናቸው። የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጅ የሚለው አጠራር ዝምድናው በሚቈረስ እንጀራ ላይ የቆመ መሆኑን ይናገራል። የጡት ልጅና የማር ልጅ የሚሉት ደግሞ ዝምድናው የተፈጠረበትን ሥርዐት ይጠቅሳሉ። የክርስትና ልጅ በጥምቀት የተገኘ ልጅ ነው። ከሥጋ ልደት ውጭ ልጅነት የሚገኝባቸውን ብዙ በሮች ቋንቋው አንድ በአንድ ሰይሟቸዋል ማለት ነው።

ወንድምነትን በሚመለከት ቋንቋው ሌላ ነገር ያስተውላል። አንድ ሰው ወንድሙን ወይም እኅቱን «የእናቴ ልጅ» ብሎ ሲጠራ ከተራው ወንድምነት የጠበቀ ቅርበትን መግለጹ ነው፤ «የአባቴ ልጅ» ሲል ግን ብዙ ጊዜ የእናትን መለያየት ማመልከቱ ነው። በሁለቱም አነጋገር ወንድምነት በወላጅ በኩል ዞሮ ይመጣል። እንግዲህ ወላጁ በሌለበት ጊዜ ያንን ዝምድና የሚይዘው ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው።

ለአንድ ልጅ ቤት የሚያስገኙ ልማዶች

የጡት ልጅነት ሥርዐት በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። አሳዳጊው አውራ ጣቱን በማር ነክሮ ለልጁ ያጠባዋል፤ በምስክሮችም ፊት ልጄ ነህ ይለዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በትግራይ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ከእርሱ የበለጠ ኀይል ላለው ሰው ጣቱን ጠብቶ ልጁ እንደሚሆን ጽፏል። ከዚህ እንደምንረዳው ሥርዐቱ የሕፃናት ብቻ አልነበረም። ዐዋቂም ጠባቂ ሲፈልግ የሚገባበት በር ነበር። በእስልምና ሥርዐት በእውነተኛ ጡት የሚገኘው ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል፤ ነገር ግን የልጁን የአባት ስም አይለውጥም።

የኦሮሞ ሕዝብ ጉዲፈቻ ከእነዚህ ሁሉ የሰፋና በሥርዐት የተደራጀ ነው። ቃሉ ማሳደግ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የገባው ልጅ የአሳዳጊዎቹን ስምና ጎሳ ይይዛል፤ ከአብራካቸው እንደ ተወለደ ልጅም ይቈጠራል። ጉዲፈቻ ከሞጋሳ የተለየ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ጉዲፈቻ አንድን ልጅ ወደ አንድ ቤት ሲያስገባ፣ ሞጋሳ ሌላ ወገንን በጅምላ ወደ ጎሳ የሚያስገባ ሥርዐት ነው። የኦሮሞ ጉዲፈቻ ከቋንቋው ክልል አልፎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአማርኛው ቅጅ ስሙን ተውሶታል።

እነዚህ ሥርዐቶች የጋራ የሆነ አንድ ጠባይ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ልጅ ካጣ ቤት ነው። መካን ባልና ሚስት ወይም ልጅ የሞተበት ሰው ወራሽና ጧሪ ይሻል፤ ልጅ የሚሰጡትም ብዙ ጊዜ በሕይወት ያሉ ወላጆች ናቸው። የተጠየቀው ጥያቄ «ልጅ የጐደለው ማን ነው?» የሚል ስለ ሆነ፣ መልሱ በተፈጥሮው አንድ ልጅ ለአንድ ቤት ይሆናል። አራት ልጆች በአንድ ቀን ወላጅ ሲያጡ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በአሳዳጊው ፍላጎት ላይ የተሠራው ልማድ በልጆቹ ብዛት ላይ ሲደርስ ይከፋፍላል።

ከዚህ በተጨማሪ የስም ነገር አለ። በአገራችን የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። በጉዲፈቻ የሄደው ልጅ የአሳዳጊውን ስም ሲይዝ፣ በቤት ከቀረው ወንድሙ ጋራ በስም አይገናኙም። በአማራው አገር በዘመድ ቤት የሚያድገው ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሟች አባቱን ስም እንደያዘ ያድጋል። በርቀት ላሉ ወንድማማቾች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በክርስቲያኑ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቈጠራልና፣ የተለያዩ ልጆች ማን የማን እንደ ሆነ ሊያውቁ ግድ ነው።

በተዝካር ማግሥት

በገጠሩ የሰሜን ሸዋ ክፍል ስለ ሙት ልጆች የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በአርባው ቀን ተዝካር ነው። በዚያ ቀን የአባትም የእናትም ወገን ይሰበሰባል፤ የነፍስ አባትም ይገኛሉ። ዝምድና በሁለቱም ወገን የሚቈጠር በመሆኑ፣ ልጆቹ ላይ ግዴታም ሆነ ይገባኛል ባይነት ያለው ዘመድ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የቀድሞው ርስትም በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር፣ ከልጁ ጋራ የመሬቱ ነገር አብሮ ይነሣ ነበር። ርስት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከቀረ በኋላም የእርሻ መሬቱን ማን ይረስ፣ በሬዎቹን ማን ይንዳ የሚለው ጥያቄ አልቀረም።

ለዚህ ጽሑፍ ያነጋገርኋት አንዲት ሴት የነገረችኝን እዚህ ላይ ላስቀምጥ። እናቷ በሞተች በዓመት ውስጥ አባቷ ተከተለ። እርሷ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእርሷ በታች የዐሥራ አንድና የሰባት ዓመት ወንዶች፣ የሦስት ዓመትም ሴት ነበሩ። በአባቷ ተዝካር ዕለት ማታ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። የአባት ወንድም የዐሥራ አንድ ዓመቱን ልጅ ከሁለት በሬዎች ጋራ ወሰደ። የሰባት ዓመቱን የእናት እናት ወሰዱት። የሦስት ዓመቷን የእናት እኅት፣ ልጅ ያልነበራት፣ በደስታ ተቀበለች። ትልቋ ከተማ ወዳለ ዘመድ ተላከች። በሩ ተቀረቀረ፤ ጐጆውም በሁለተኛው ክረምት ፈረሰ።

በዚህ ውስጥ ልጆቹን የበደለ አንድም ሰው እንደሌለ ሴትዮዋ ደጋግማ ነገረችኝ። አራቱም በሉ፣ ለበሱ፣ አደጉ። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ለጥምቀት ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ፣ በታቦቱ አጠገብ ታናሽ እኅቷን ከአክስታቸው ጋራ አገኘቻት። «እኅትሽ ናት፤ ሳሚያት» ሲሏት ልጅቱ በአክስቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሽጋ «እኔ እኅት የለኝም» አለች። ሴትዮዋ ይህን ከነገረችኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እናታችንም አባታችንም የሞቱ ቀን እኮ አልተለያየንም፤ የተለያየነው ተዝካሩ ባለቀ ማግሥት ነው» አለችኝ።

የክፍፍሉ ምክንያት ጭካኔ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ የገበሬ ቤት በድንገት አራት አፍ ለመጨመር አይችልም፤ አንድ ግን ይችላል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባልም የሚያጽናናው አንዱን ልጅ የሚቀበለውን ሰው ነው። ከዚህም በላይ ክፍፍሉ ሁለቱን ወገኖች ያስታርቃል፤ የአባት ወገን ልጁን ወሰደብን ብሎ የእናት ወገን አይከስም። ለዘመዶቹ ፍትሐዊ የሆነው አከፋፈል ለልጆቹ ሁለተኛ ሞት ሊሆን መቻሉ ግን በዚያ ጉባኤ ውስጥ የሚናገርለት ሰው አላገኘም። ልጆቹ በጉባኤው አልተጠየቁም።

ቤቱ እንዳይዘጋ

በዚያው አገር ሌላ ሥርዐት አለ። ራሱን የቻለ ስም የለውም፤ ምናልባት ስም ስለሌለው ይሆናል በተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ያልተነገረለት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን ሰዎቹ ሁልጊዜ «ቤቱ እንዳይዘጋ» ይላሉ። በአማርኛ የእገሌ ቤት ተዘጋ ማለት ዘሩ ጠፋ፣ እሳቱ ጠፋ፣ በበሩ የሚገባና የሚወጣ ቀረ ማለት ነው። ይህን ለመከላከል ልጆቹ ወደ ዘመድ በመሄድ ፈንታ ዘመድ ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

ከላይ ከተነገረው መንደር ብዙም በማይርቅ ደብር ያየሁት እንዲህ ነው። ሦስት ልጆች፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ሴትና የዘጠኝና የአምስት ዓመት ወንዶች፣ ወላጆቻቸውን አጡ። የአባታቸው እናት በሌላው ልጃቸው ቤት ይጦሩ ነበር። ሽማግሌዎች ልጆቹን ለማከፋፈል ሲነሡ አሮጊቷ «እኔ አንድ ነኝ፤ እነርሱ ሦስት ናቸው፤ ማን ወደ ማን ይሂድ?» አሉ። ምንጣፋቸውንና መቍጠሪያቸውን ይዘው ወደ ሟች ልጃቸው ቤት ገቡ። መሬቱን አጎትየው በእኩል እንዲያርስ ተስማሙ፤ የምርቱ ግማሽ ለልጆቹ ሆነ። የእድሩ አባላት በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጣራውን ይከድኑላቸው ጀመር።

ይህ አኗኗር ስድስት ዓመት ቆየ። አሮጊቷ ሲሞቱ ትልቋ ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበርና ወንድሞቿን እርሷ ያዘች። ለጋብቻ በተጠየቀች ጊዜ አንድ ቃል ብቻ አስያዘች፤ የሚያገባት ሰው እርሱ ወደ ቤቷ እንዲገባ። ሙሽራ ወደ ባሏ መንደር በሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም፤ ሁለት ጠያቂዎች ተመለሱ፤ ሦስተኛው ተቀበለ። ዛሬ ታናሹ ወንድም ከእነርሱ ጋራ ነው።

ለዚህ አንድነት የተከፈለው ዋጋ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ልጅቱ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን ትታለች። አያቷ ዐይናቸው ስለ ደከመ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ምጣድ መጣዱ በእርሷ ላይ ወደቀ። ሁለቱ ወንዶች ግን ተምረዋል። ቤቱን ክፍት ያደረገችው ትልቋ እኅት ናት፤ ቤቱ ክፍት እንዲሆን የተዘጋው በር የእርሷ ነው። ይህን ሥርዐት የሚያመሰግን ሰው ሸክሙ በማን ላይ እንደ ወደቀ መጠየቅ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል

ፍትሐ ነገሥት ስለ ሞግዚትነት የሚናገር ክፍል አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የአካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ጉዳይ ለአሳዳሪና ለሞግዚት ሰጥቶ፣ ከጎናቸው የቤተ ዘመድ ጉባኤን አቁሞ ነበር። ይህ ጉባኤ በተዝካር ማግሥት ከሚቀመጠው የዘመድ ሸንጎ ጋራ ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉባኤውን አስቀርቶ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

በተሻሻለው ሕግ መሠረት ወላጆች ሞተው ሌላ የተሾመ ሰው ከሌለ፣ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት በመጀመሪያ ለአያቶች፣ እነርሱ ከሌሉ ለአካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም ለአጎቶችና ለአክስቶች ይተላለፋል። ይህ ቅደም ተከተል በሁለተኛው ታሪክ ውስጥ ከተፈጸመው ጋራ ሲነጻጸር በትክክል ይገጥማል፤ አያት፣ ከአያት በኋላ ትልቅ እኅት፣ አጎት በመጨረሻ። የመጀመሪያው ታሪክ ትልቅ ልጅ ግን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበርና፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ዐሥራ ስምንት ዓመት አልሞላችም። ስለዚህ የወላጆቹ ሞት በመጣበት ጊዜ የትልቁ ልጅ ዕድሜ ለሁሉም ዕጣ ወሳኝ ይሆናል።

ስለ ጉዲፈቻም ያው ሕግ ጉዲፈቻ የተደረገው ልጅ ከተፈጥሮ ቤተሰቡ ጋራ ያለውን ዝምድና እንደያዘ እንደሚቆይ ይደነግጋል። እንግዲህ በሕግ ዐይን ወንድምነት በጉዲፈቻ አይፈርስም። ነገር ግን በሕግ ያልፈረሰ ወንድምነት በሁለት ቤት፣ ምናልባትም በሁለት ከተማ ሲኖር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ «እኔ እኅት የለኝም» ከሚለው ቃል የሚያድነው ነገር በአንቀጹ ውስጥ የለም።

በዓለም አቀፉ መድረክ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2009) ስለ ሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ ያጸደቀው መመሪያ፣ እርስ በርስ የተሳሰሩ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በመርሕ ደረጃ እንዳይለያዩ ያዛል፤ የጥቃት አደጋ ግልጽ ሲሆን ወይም የልጁ ጥቅም ሌላ ነገር ሲጠይቅ ብቻ ይለያዩ ይላል። አሳዳጊን ከመሠረተ ሐሳቡ ጀምሮ በወንድማማችነት ላይ ያቆመ ድርጅትም አለ፤ ሄርማን ግማይነር በ1949 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ በኢምስት ከተማ የጀመረው የኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር መሠረቶቹን እናት፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቤት፣ መንደር ብሎ ይቈጥራል። በአገራችን የመጀመሪያው መንደር በ1974 እ.ኤ.አ. በመቀሌ ተቋቁሟል። ልጆችን በዕድሜና በጾታ ለይቶ በሰፊ አዳራሽ ከሚያስተኛ ማሳደጊያ ጋራ ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ስለ ዛሬው ሁኔታ

ጥያቄው በአሁኑ ዘመን ለምን እንደ ጠነከረ በአጭሩ እንመልከት። የኤድስ በሽታ ከባልና ከሚስት ወደ አንዱ ሲገባ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ፣ ልጆች ሁለቱንም ወላጆች በአጭር ጊዜ ውስጥ አጡ። መድኀኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት እስከሚጀምር ድረስ በብዙ ከተሞች በትልቅ ልጅ ብቻ የሚተዳደሩ ቤቶች ታዩ። እነዚህ ልጆች ማንም ሳያዛቸው «ቤቱ እንዳይዘጋ» የሚለውን ልማድ ራሳቸው ፈጽመዋል፤ የጐደላቸው አያቲቱ ናት።

በ2001 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚደረግ ድጋፍን፣ ከዘመድ ጋራ ማገናኘትን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና የተቋም እንክብካቤን ዘርዝሯል። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ካስቀረ በኋላ ቤት ሁሉ በአገር ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ የአደራ ቤተሰብ ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አደራ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል፤ አደራ በላ መባልም ከስድብ ሁሉ የከፋ ነው። ነገር ግን አደራ የሚሰጠው ነገር ሙሉ ሆኖ እንዲመለስ ነው። ሦስት ሆነው የተሰጡ ልጆች በሦስት ቤት ተበትነው ቢያድጉ አደራው ተጠብቋል ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉት ነጥቦች የሚወጡ ይመስለናል። አንደኛ፣ የወላጅ አልባ ልጆች መዝገብ በእያንዳንዱ ልጅ ስም ብቻ ሳይሆን በቤቱ ስም እንዲያዝና ወንድማማቾች በአንድ ገጽ እንዲታዩ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ልጆቹን የሚቀበል ቤት ከመፈለግ በፊት ወደ ልጆቹ ቤት ሊገባ የሚችል ዐዋቂ መኖሩ ይጠየቅ፤ አያት፣ ባሏ የሞተባት አክስት፣ ወይም በእድሩ የታመነች ሴት። ለዚያ ዐዋቂ የሚሰጠው ድጋፍ በማሳደጊያ አንድ ልጅን ከማኖር ጋራ መመዛዘን አለበት። ሦስተኛ፣ መለያየት ግድ ሲሆን የሚገናኙበት በዓል በስምምነት ይወሰን፤ በተዝካሩ ጉባኤ ይህን ቃል ማስያዝ ለነፍስ አባቱም ለሽማግሌውም ከባድ አይደለም። አራተኛ፣ ትልቋ እኅት ትምህርቷን እንዳትተው ቀድሞ ይታሰብ። ይህ የመጨረሻው ከተዘነጋ፣ የልጆቹን አንድነት የጠበቅነው ከልጆቹ በአንዷ ዕድል ነው።

ልማዳችን ለሙት ልጅ ቤት አያሳጣም። ለሙት ልጆች ግን ከቤት የሚበልጥ ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ ይኸውም በማታ እሳት ዙሪያ «እናታችን» ብለው በአንድ ላይ የሚያስታውሱበት ቦታ ነው። ያች ታናሽ እኅት ዛሬ አድጋለች። ታላቅ እኅቷ እንደ ነገረችኝ በየዓመቱ ለጥምቀት ይገናኛሉ፤ የእናታቸውን መልክ የምትጠይቃት ሁልጊዜ እርሷ ናት።